«ዊች»፤ ከዛምቢያ የመዳብ ከተሞች የፈለቀው የሮክ ባንድ እና የ95 በመቶው መመሪያ

በደቡባዊ አፍሪካ የምትገኘው ዛምቢያ በዓለም ገበያ ለረጅም ዘመን ስትታወቅ የኖረችው በመዳብ ምርቷ ነው። ይሁንና መዳቡ ከሚወጣባቸው ከተሞች በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ ሌላ ውጤት ተገኝቶ እንደነበር ከአገሪቱ ውጪ በስፋት የታወቀው ከሠላሳ ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው። ይህም የአገሪቱ ወጣቶች የብሉዝንና የሮክን ሙዚቃ ከአካባቢያቸው ስልት ጋር በማዋሐድ የፈጠሩት፣ «ዛምሮክ» በሚል ስያሜ የሚጠራው የሙዚቃ እንቅስቃሴ ነው።

የእንቅስቃሴው ግንባር ቀደም ተጠቃሽ «ዊች» የተሰኘው ባንድ ነው። የዚህ ባንድ ታሪክ የሙዚቃ ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ የመንግሥት መመሪያ የአገርን ኪነ ጥበብ በአጭር ጊዜ ውስጥ ምን ያህል ሊያነቃቃ እንደሚችል፣ መመሪያው ሳይነካቸው ያለፋቸው ጉዳዮች ደግሞ የተገኘውን ውጤት መልሰው እንዴት ሊያሳጡ እንደሚችሉ በግልጽ የሚያሳይ ተሞክሮ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከነጻነት በፊት የተጣለው የሬዲዮ መሠረት

የዛምቢያ ዘመናዊ ሙዚቃ ከሬዲዮ ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። አገሪቱ ሰሜን ሮዴዥያ በሚል ስም በብሪታንያ አስተዳደር ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በሉሳካ የተቋቋመው የሬዲዮ ጣቢያ ለአፍሪካውያን አድማጮች በራሳቸው ቋንቋዎች ፕሮግራም በማሰራጨት በአካባቢው ቀዳሚ ነበር። በ1949 ደግሞ «ሶስፓን» በመባል የታወቀው፣ በደረቅ ባትሪ የሚሠራ አነስተኛ ሬዲዮ በ5 ፓውንድ ዋጋ ለሽያጭ ቀረበ። ስያሜውን ያገኘው አካሉ እንደ ብረት ድስት ክብ ሆኖ በመሠራቱ ነው። ኤሌክትሪክ ያልገባላቸው መንደሮችና የማዕድን ሠራተኞች መኖሪያ ሰፈሮች በዚህ መሣሪያ አማካይነት ከዓለም ጋር ተገናኙ።

ጣቢያው ከማሰራጨት ባሻገር የመቅረጽ ሥራም ያከናውን ነበር። በዚህ ረገድ ስማቸው በቀዳሚነት የሚነሣው አሊክ ንካታ ናቸው። እኚህ ሰው በአንድ በኩል የሬዲዮ ባለሙያ፣ በሌላ በኩል ጊታር ተጫዋችና ዘፋኝ ሲሆኑ፣ የገጠሩን ዜማ ከከተማው የጊታር አጨዋወት ጋር በማጣመር ለኋለኛው ትውልድ መንገድ ጠርገዋል።

ዛምቢያ ጥቅምት 24 ቀን 1964 ነጻነቷን ስትቀዳጅ፣ ይህ የሬዲዮ መረብ ለአዲሱ መንግሥት ተላለፈ። በወቅቱ በመላ አገሪቱ የዩኒቨርሲቲ ዲግሪ የያዙ ዜጎች ቁጥር ከመቶ ብዙም አይበልጥም ነበር። ከሰባ በላይ የብሔረሰብ ማኅበረሰቦች በሚኖሩባትና በቂ የተማረ የሰው ኃይል ባልነበራት አገር፣ መንግሥት «አንዲት ዛምቢያ፣ አንድ ሕዝብ» የሚለውን መርሑን ለሕዝብ ለማድረስ የሚችልበት ዋነኛ መሣሪያ ሬዲዮ ነበር።

የመዳብ ከተሞች ወጣቶች

ኮፐርቤልት በመባል የሚታወቀው የመዳብ ክልል ኪትዌን፣ ንዶላን፣ ቺንጎላን፣ ሙፉሊራንና ሉዋንሽያን የመሳሰሉ ከተሞችን ያቀፈ ነው። ከተሞቹ ያደጉት በማዕድን ኩባንያዎች ዙሪያ ሲሆን፣ ኩባንያዎቹ ለሠራተኞቻቸው መኖሪያ ቤት ብቻ ሳይሆን የመዝናኛ አዳራሽ፣ የስፖርት ሜዳና ክበብም አዘጋጅተው ነበር። ከተለያዩ አካባቢዎችና ከጎረቤት አገሮች የመጡ ሠራተኞች በአንድ ሰፈር ተቀላቅለው በመኖራቸው የቤምባ ቋንቋ የጋራ መግባቢያ ሆነ፤ ሙዚቃውም እንዲሁ ተቀላቀለ።

የመዳብ ዋጋ ከፍተኛ በነበረባቸው የ1960ዎቹ መጨረሻ ዓመታት የእነዚህ ከተሞች ሠራተኛ ከብዙዎቹ የአፍሪካ አገሮች ሠራተኛ የተሻለ ደመወዝ ያገኝ ነበር። በመሆኑም ልጆቹ ሸክላ መግዛት፣ በውጭ አገር የሬዲዮ ጣቢያዎች የሚተላለፈውን ማዳመጥና በትምህርት ቤት ባንድ ማቋቋም ቻሉ። ሮሊንግ ስቶንስ፣ ዲፕ ፐርፕል፣ ጂሚ ሄንድሪክስና ጄምስ ብራውን የወጣቱ ትውልድ አርአያዎች ሆኑ። የወቅቱ ባንዶች ሥራም በአመዛኙ የእነዚህን የውጭ አገር ድምፃውያን ዘፈን እንደወረደ መጫወት ነበር።

በኪትዌ ያደጉት ኢማኑኤል ቻንዳ የዚህ ትውልድ አካል ናቸው። በመድረክ ላይ ባላቸው እንቅስቃሴ የተነሣ ከሮሊንግ ስቶንሱ ሚክ ጃገር ጋር ተመሳስለው «ጃጋሪ» የሚል ቅጽል ስም ወጣላቸው። ስሙ ከእንግሊዝኛ የተወሰደ ቢሆንም በአካባቢው አነጋገር ተቃኝቶ የራሳቸው ሆኗል። የስያሜው አካሄድ በኋላ ሙዚቃው የተከተለው አካሄድ ነው ለማለት ይቻላል።

መመሪያው ምን አዘዘ?

የዛምቢያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ ለሙዚቃ ባዕድ አልነበሩም። ጊታር ይጫወቱ፣ በየሕዝባዊ ስብሰባው ይዘምሩ ነበር። መቀመጫውን በአዲስ አበባ ያደረገውን የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በሊቀ መንበርነት ሁለት ጊዜ የመሩት እኚህ መሪ፣ ከፖለቲካ ነጻነት ባልተናነሰ የባህል ነጻነት አስፈላጊ መሆኑን ያምኑ ነበር።

በዚሁ መሠረት በ1970ዎቹ በአገሪቱ ሬዲዮ ከሚተላለፈው ሙዚቃ 95 በመቶው የዛምቢያውያን ሥራ እንዲሆን ፕሬዚዳንቱ መመሪያ ሰጡ። መመሪያው ከወጣበት ጊዜ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከባድ ነበር። ምክንያቱም የአየር ሰዓቱን ለመሙላት የሚያስችል በሸክላ የታተመ በቂ የአገር ውስጥ ሥራ አልነበረም።

መመሪያው ሁለት ውጤቶችን አስከተለ። በመጀመሪያ የውጭ ዘፈኖችን ሲጫወቱ የቆዩ ባንዶች በሬዲዮ ለመደመጥ የራሳቸውን ድርሰት ማዘጋጀት ግድ ሆነባቸው። ሁለተኛውና ብዙ ጊዜ ትኩረት የማይሰጠው ነጥብ፣ መመሪያው የሥራውን ባለቤት እንጂ የሙዚቃውን ዓይነት አለመወሰኑ ነው። ዛምቢያዊ የደረሰውና የተጫወተው ሙዚቃ የኤሌክትሪክ ጊታር ስለያዘ ወይም በእንግሊዝኛ ስለተዘፈነ ብቻ ከአገር ውስጥ ሥራነት የሚያወጣው ነገር አልነበረም። የመዳብ ከተሞች ወጣቶች የሚወዱትን መሣሪያ ሳይጥሉ የራሳቸውን ቃልና ዜማ ይዘው የቀረቡት በዚህ ክፍተት ነው።

የባንዱ አመሠራረትና ስያሜ

«ዊች» በ1970ዎቹ መጀመሪያ በኮፐርቤልት ሲንቀሳቀሱ ከነበሩ ባንዶች በተውጣጡ ወጣቶች ተመሠረተ። ቃሉ በእንግሊዝኛ ጠንቋይ ማለት ሲሆን፣ በባንዱ አጠራር ግን ፊደላቱ «ሁከት ልንፈጥር ተነሥተናል» የሚል ትርጉም ያለውን የእንግሊዝኛ ሐረግ ያሳጥራሉ። የታሰበው ሁከት የመድረክ እንጂ የፖለቲካ አልነበረም።

በታወቀው የባንዱ አደረጃጀት ውስጥ ከድምፃዊው ቻንዳ ጋር ክሪስ ምቤዌና ጆን ሙማ በጊታር፣ ጌዴዎን ሙሌንጋ በቤዝ ጊታር፣ ቦይድ ሲንካላ በድራም፣ ፖል ሙምባ ደግሞ በኦርጋን ተሰልፈው ነበር። በወቅቱ የነበረው የመድረክ ዝግጅት እንደዛሬው በአንድና በሁለት ሰዓት የሚያበቃ አልነበረም። ባንዱ ከአመሻሹ ጀምሮ እስከ እኩለ ሌሊት በኋላ ለሰዓታት ያለማቋረጥ ይጫወት እንደነበር ቻንዳ በልዩ ልዩ ቃለ ምልልሶች ገልጸዋል። ታዋቂው የኦሲቢሳ ባንድ ወደ ዛምቢያ በመጣ ጊዜ መድረኩን ከከፈቱለት መካከል «ዊች» እንደነበረም ይታወሳል።

የባንዱ ሙዚቃ «ሳይክደሊክ» በሚባለው የሮክ ዘርፍ ይመደባል። ይህ ዘርፍ በ1960ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካና በብሪታንያ የተስፋፋ ሲሆን፣ የጊታርን ድምፅ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ በመለወጥ ሕልም የመሰለ ስሜት ለመፍጠር ይጥራል። ለዚህም ሁለት አነስተኛ መሣሪያዎች በዋናነት ያገለግላሉ። አንደኛው «ፈዝ» የሚባለውና የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው ነው። ሁለተኛው «ዋ-ዋ» ሲሆን፣ ተጫዋቹ በእግሩ እየረገጠ ድምፁን እንደ ሰው አፍ የሚከፍትበትና የሚዘጋበት መርገጫ ነው።

የዚህ ሙዚቃ ሥር ብሉዝ መሆኑም ሊታወስ ይገባል። ብሉዝ ከአፍሪካ በባርነት ተግዘው ወደ አሜሪካ የተወሰዱ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች የፈጠሩት የሐዘንና የጽናት ዜማ ነው። የመዳብ ከተሞች ወጣቶች ይህን ሙዚቃ በብሪታንያ ባንዶች በኩል ሲቀበሉት፣ ከአፍሪካ የወጣው ዜማ ሁለት ውቅያኖስ ዞሮ ወደ አህጉሩ የተመለሰ ያህል ነበር። «ዊች» በዚህ ላይ የአካባቢውን የከበሮ ምት፣ የመሪና የተቀባይ አዘፋፈን ስልት እንዲሁም የቤምባና የኒያንጃ ቋንቋ ዘፈኖችን እያከለ ሄደ።

አምስት አልበሞች በአምስት ዓመታት

ባንዱ «ኢንትሮዳክሽን» የተሰኘውን የመጀመሪያ አልበሙን በ1972 አቀረበ። ይህ አልበም በአንድ ዛምቢያዊ ባንድ ተሠርተው ለገበያ ከቀረቡ ባለሙሉ መጠን ሸክላዎች የመጀመሪያው ተብሎ ይጠቀሳል። ከዚያም «ኢን ዘ ፓስት» በ1974፣ «ሌዚ ቦንስ» በ1975፣ «ሉኮምቦ ቫይብስ» በ1976፣ «ኢንክሉዲንግ ጃኔት» በ1977 ተከታትለው ወጡ።

ባንዱ በጉዞው ብቻውን አልነበረም። «አማናዝ» የተባለው ባንድ «አፍሪካ» የተሰኘ አልበሙን በ1975 ያወጣ ሲሆን፣ በቪክቶሪያ ፏፏቴ የአካባቢ ስም የተጠራው «ሙሲ-ኦ-ቱንያ» ከአገር ውጪም ጭምር ተንቀሳቅሷል። ከዚሁ ባንድ የወጡት ሪኪ ኢሊሎንጋ ደግሞ በራሳቸው ስም «ዛምቢያ» የተሰኘ አልበም አቅርበዋል። በ«ንጎዚ ፋሚሊ» ባንድ መሪነታቸው የሚታወቁት ፖል ንጎዚ የከተማውን ተራ ሰው ኑሮ በሕዝቡ ቋንቋ በመዝፈን ከፍተኛ ተወዳጅነት አትርፈዋል።

ይሁንና ከመድረኩ ጀርባ የነበረው የምርት ሰንሰለት ደካማ ነበር። በዛምቢያ የመቅረጫ ስቱዲዮዎች ጥቂት ነበሩ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎች አገር ውስጥ ቢቀረጹም ለኅትመት ወደ ኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ይላኩ ነበር። በኋላ በንዶላ የሸክላ ማተሚያ ቢቋቋምም፣ ከመሣሪያው እስከ ጥሬ ዕቃው አብዛኛው ነገር ከውጭ የሚገባ ነበር። ሬዲዮው 95 በመቶ የአገር ውስጥ ሙዚቃ እንዲያሰማ ቢታዘዝም፣ ሙዚቃውን በሸክላ አትሞ ለማቅረብ የሚያስፈልገው ግብአት ግን በውጭ ምንዛሪ ላይ የተንጠለጠለ ነበር።

የመዳብ ዋጋ ማሽቆልቆልና የድንበር መዘጋት

የውጭ ምንዛሪው ደግሞ በአንድ ማዕድን ላይ የተመሠረተ ነበር። በዚያን ጊዜ ከዛምቢያ የወጪ ንግድ ገቢ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከመዳብ ይገኝ ነበር። መንግሥት በ1969 በመዳብ ማዕድን ኩባንያዎቹ ውስጥ የ51 በመቶ ድርሻ ለመያዝ መወሰኑን ማስታወቁ ይታወሳል። የመዳብ ዋጋ በሚያዝያ 1974 ከፍተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ማብቂያ ከግማሽ በታች ወረደ። ከዚሁ ጋር ተያይዞ ከ1973 ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ገበያ በብዙ እጥፍ አደገ።

ዛምቢያ ወደብ አልባ መሆኗ ችግሩን አባባሰው። በአናሳ ነጮች መንግሥት ትመራ ከነበረችው ሮዴዥያ ጋር ያለው ድንበር በጥር 1973 ተዘጋ። መዳቡን በአንጎላ በኩል ወደ አትላንቲክ የሚያወጣው የቤንጉዌላ የባቡር መስመርም በ1975 በአንጎላ ጦርነት ምክንያት ተቋረጠ። በቻይና ድጋፍ የተሠራውና ካፒሪ ምፖሺን ከዳሬ ሰላም ወደብ ጋር የሚያገናኘው የ1 ሺህ 860 ኪሎ ሜትር የባቡር መንገድ ሥራ መጀመሩ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ ያጋጠመውን የገቢ ጉድለት ሊሸፍን አልቻለም።

ዛምቢያ ለደቡባዊ አፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች መጠለያ በመስጠቷ የከፈለችው ዋጋም ቀላል አልነበረም። የሮዴዥያ ጦር በዛምቢያ ግዛት ውስጥ የፈጸማቸው ጥቃቶች ለሰላማዊ ሰዎችም ተረፉ። የሬዲዮና የሙዚቃ ባለውለታው አሊክ ንካታ በ1978 ሕይወታቸው ያለፈው ከእነዚህ ጥቃቶች በአንዱ ነው።

ችግሩ ለሙዚቀኞች በቀጥታ ደረሳቸው። የጸጥታው ሁኔታ ሰዓት እላፊን ሲያስከትል፣ ከምሽት እስከ ሌሊት ይዘልቁ የነበሩ ዝግጅቶች ወደ ቀን እንዲዛወሩ ግድ ሆነ። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ በአምፕሊፋየር ለሚሠራ ሙዚቃ ከባድ ፈተና ነበር። የውጭ ምንዛሪ እጥረት የጊታር ክር፣ መለዋወጫና ማጉያ ማስገባትን አስቸጋሪ አደረገ። የሠራተኛው ደመወዝ የመግዛት አቅም ሲቀንስ ደግሞ ሸክላ ከቤት ወጪ ዝርዝር ውስጥ ቀድሞ የሚሰረዝ ዕቃ ሆነ።

ከዛምሮክ ወደ ዲስኮ

በ1977 ቻንዳ ከባንዱ ተለዩ። ቤተሰብ ለማስተዳደር የማያስተማምን ሆኖ ያገኙትን የመድረክ ሥራ ትተው ወደ ትምህርቱ በማዘንበል የሙዚቃ መምህር ሆኑ። የቀሩት አባላት የኦርጋን ተጫዋቹን ፓትሪክ ምዎንዴላን የመሳሰሉ አዳዲስ ባለሙያዎችን ጨምረው ወደ ዲስኮ ስልት አዘነበሉ። በ1984 «ኩኦምቦካ» የተሰኘ አልበም አወጡ። ስሙ የሎዚ ማኅበረሰብ ንጉሥ በጎርፍ ወቅት በጀልባ ወደ ደጋማው ስፍራ የሚሸጋገርበት ታላቅ ባህላዊ ሥነ ሥርዓት መጠሪያ ነው። ከዚያ በኋላ የባንዱ እንቅስቃሴ ከሰመ።

በ1980ዎቹ የአድማጩ ጆሮ ወደ «ካሊንዱላ» አዘነበለ። ይህ ሙዚቃ የገጠር መሠረቱን ይበልጥ የጠበቀና በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚዘፈን በመሆኑ፣ ከ95 በመቶው መመሪያ መንፈስ ጋር ይበልጥ የተጣጣመ ነበር ሊባል ይችላል። ዛምሮክ አንድን ትውልድ በራሱ ድርሰት እንዲተማመን ካደረገ በኋላ ስፍራውን ለሌላ ለቀቀ።

በዚሁ ዘመን የተስፋፋው ካሴት ሙዚቃን በርካሽ ለማዳረስ ቢረዳም፣ ያለፈቃድ ማባዛትንም እጅግ አቀለለው። ዛምቢያ የቅጂና የክዋኔ መብቶችን የሚመለከተውን አዲስ ሕግ ያወጣችው በ1994 ነው። በዚህ ጊዜ የ«ዊች» የመጀመሪያ ሸክላ ከታተመ ሃያ ሁለት ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

በወረርሽኝ የተነጠቀ ትውልድ

ከኢኮኖሚው ቀውስ ይልቅ የከፋው ጉዳት ግን የኤችአይቪ/ኤድስ ወረርሽኝ ነበር። ወረርሽኙ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዛምቢያን ክፉኛ የጎዳ ሲሆን፣ በ2001/2002 በተካሄደው ብሔራዊ የጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ዜጎች መካከል 16 በመቶ ያህሉ ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ለብዙኃኑ ሕዝብ መዳረስ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የማዕድን ከተሞችና የትራንስፖርት መስመሮች ይበልጥ ከተጎዱት መካከል ነበሩ። ከቀደምቶቹ ስድስት የ«ዊች» አባላት መካከል አምስቱ ክፍለ ዘመኑ በተለወጠበት ዘመን አካባቢ በሕይወት አልነበሩም። ከሞቱት አብዛኞቹ ከዚሁ በሽታ ጋር በተያያዘ ሕይወታቸው ማለፉ በባንዱ ታሪክ ላይ በተሠሩ ዘገባዎች በተደጋጋሚ ተገልጿል። የሌሎች የዛምሮክ ባንዶች ታሪክም በአመዛኙ ተመሳሳይ ነው። ከሰዎቹ ጋር በወረቀት ያልሰፈረው ዕውቀት፣ የዜማው ድርሰት ታሪክና የሥራ ልምዱም አብሮ ሄደ።

በሕይወት የቀሩት ቻንዳ የከበሩ ድንጋዮችን ወደ መቆፈር ሥራ ተሰማሩ። በመዳብ ከተማ አድገው ከማዕድኑ ይልቅ ሙዚቃን የመረጡት ሰው በዕድሜያቸው አመሻሽ ኑሯቸውን ከመሬት ሥር መፈለጋቸው የታሪኩ አሳዛኝ ገጽታ ነው።

ዳግም መገኘት

በዚሁ ጊዜ ከአገር ውጪ ያልታሰበ ነገር እየተከናወነ ነበር። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ሸክላ ሰብሳቢዎች የዛምሮክን ሥራዎች ማፈላለግ ጀመሩ። በጊዜው በጥቂት ቅጂ ታትመው የነበሩት የ«ዊች» ሸክላዎች በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ሆኑ። በ2010ሮቹ መጀመሪያ በካሊፎርኒያ የሚገኘው «ናው-አጌይን» የተባለ አሳታሚ የባንዱን የ1970ዎቹ አልበሞች አሰባስቦ በድጋሚ ለገበያ አቀረበ።

ይህን ተከትሎ የባንዱን ታሪክ የሚዘግብ ዘጋቢ ፊልም በጣሊያናዊው ጂዮ አርሎታ አዘጋጅነት ተሠርቶ በ2019 ለእይታ በቃ። ቻንዳና ምዎንዴላ ሆላንዳዊውን ጃኮ ጋርድነርን ጨምሮ ከአውሮፓ ወጣት ሙዚቀኞች ጋር በመጣመር በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ቀረቡ። በ2023 ደግሞ «ዛንጎ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጡ። አልበሙ የተቀረጸው በ1975 «ሌዚ ቦንስ» በተቀረጸበት የሉሳካ ስቱዲዮ ሲሆን፣ በ«ኩኦምቦካ»ና በ«ዛንጎ» መካከል ወደ አርባ የሚጠጉ ዓመታት አልፈዋል።

የ95 በመቶውን መመሪያ የሰጡት ካውንዳ በ1991 በምርጫ ተሸንፈው ሥልጣናቸውን በሰላም ካስረከቡ በኋላ ረጅም ዕድሜ የኖሩ ሲሆን፣ በሰኔ 2021 በ97 ዓመታቸው አርፈዋል። መመሪያቸው ያበረታታው ሙዚቃ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ማግኘት በጀመረበት ዘመን በሕይወት ነበሩ።

ከተሞክሮው የሚወሰደው ትምህርት

የ«ዊች» ታሪክ ለፖሊሲ አውጪዎችና አስፈጻሚዎች በርካታ ቁም ነገሮችን ያስጨብጣል።

በመጀመሪያ፣ መንግሥት በእጁ ያለውን የመገናኛ ብዙኃን ለአገር ውስጥ ሥራ ክፍት ማድረጉ ብቻ ፈጣን ለውጥ ሊያመጣ እንደሚችል ያሳያል። የሌሎችን ዘፈን ሲደግሙ የነበሩ ወጣቶች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በራሳቸው ድርሰት አልበም ለማውጣት በቅተዋል። መመሪያው ዓይነቱን ሳይደነግግ ባለቤትነቱን ብቻ መጠየቁ ደግሞ ከውስጥ የሚመነጭ ፈጠራን አላፈነም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች ያልገመቱት ሙዚቃ ከሕጉ ተወልዷል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ የአየር ሰዓት ማስጠበቅ ገቢ ከማስጠበቅ ጋር አንድ አይደለም። ሥራው በሬዲዮ ሲሰማ ለባለሙያው የሚደርሰውን ክፍያ የሚያሰላ፣ የሚሰበስብና የሚያከፋፍል ጠንካራ አሠራር ከጎኑ ካልተደራጀ፣ ዝና ለኑሮ ዋስትና ሊሆን አይችልም። የባንዱ ድምፃዊ በዝናቸው ከፍታ ላይ ሳሉ መድረኩን ለመምህርነት መተዋቸው ለዚህ ማሳያ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የባህል ዘርፍ ከኢኮኖሚው ተነጥሎ እንደማይቆም ታይቷል። በአንድ የወጪ ንግድ ምርት ላይ የተንጠለጠለ ኢኮኖሚ ሲናጋ ከፋብሪካውና ከሆስፒታሉ ጋር የሙዚቃ አዳራሹም ይዘጋል።

በመጨረሻም የቅርስ ጥበቃ ጉዳይ አለ። በመዝገብ ቤት በሥርዓት ሊቀመጡ ይገባቸው የነበሩ የድምፅ ቅጂዎች ከአገር ውጪ በግለሰብ ሰብሳቢዎች መደርደሪያ ላይ ተገኝተዋል። የሥራዎቹ ባለቤቶች አብዛኞቹ ካለፉ በኋላ ታሪኩን ለማጠናቀር በሕይወት በቀሩ ጥቂት ሰዎች ትዝታ ላይ መመካት አስፈልጓል። አንድ የሬዲዮ ጣቢያ ዛሬ ለአየር ሰዓት መሙያ ብሎ የሚያሰማው ሥራ ነገ የአገር ቅርስ ሊሆን እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ስለሆነም ከማሰራጨቱ ጎን ለጎን መሰነዱና መጠበቁ የሥራው አካል ሆኖ መታየት ይኖርበታል።

ሁከት ለመፍጠር ተነሥተናል ያሉት የመዳብ ከተማ ወጣቶች ያተረፉት ከሃምሳ ዓመታት በኋላም የሚደመጥ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውን ለማስገኘት የአንድ መመሪያ ጉልበት በቂ ሆኖ ነበር፤ ሙዚቀኞቹንና ሥራዎቻቸውን ለማቆየት ግን የሕግ፣ የጤናና የመዝገብ ተቋማት ተባብረው መቆም ነበረባቸው።